በክረምት የተቆረጠች ጽጌረዳ

ሰኔ 28 ቀን 1957

ዝናብ። የጋዜጣችንን የጓሮ አትክልት ዓምድ ጨርሼ ለአዘጋጃችን ለደመቀ ሰጠሁ። ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተረጎምኩት ነው፤ ጽጌረዳ እንዴት እንደሚከረከም። አንድ ፊደል አላረመም። «አንተ እኮ አበባ የምታውቅ ትመስላለህ» አለኝ። የማውቀው የባለቤቴን የሠርኬን አንድ እግር ጽጌረዳ ብቻ።

የሰፈራችን ጣሊያናዊ ጋራዡን ዘግቶ አገሩ ሲገባ ከግቢው ነቅላ ያመጣቻት ናት። ቀይ፣ በአንድ ረጅም ዘንግ አንድ አበባ። ሽታዋ አጥር ይሻገራል። ጎረቤታችን ረሂማ በአንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም ትሸጣለች። «እትዬ ሠርኬ፣ ቀኑን ሙሉ ቅመም ውስጥ ውዬ እገባለሁ፣ የእርስዎ አበባ ግን አፍንጫዬን ይቀማኛል» ትላለች።

ሠርኬ ዛሬም ከአልጋ አልወረደችም። ደረቷ...

ሐምሌ 4

ዓምዱ ወጣ። እኔም የጻፍኩትን አደረግሁ። በመቀስ፣ ከጉልበት በታች፣ ሦስት ዘንግ ብቻ አስቀርቼ።

ሠርኬ ከውስጥ ሰማችኝ። «ምን እየቆረጥክ ነው?»

«ጽጌረዳሽን። በክረምት ከተቆረጠች ለጽጌ አምራ ታብባለች ይላል።»

«ለጽጌ ካደረሰኝ አንዴ ላሽትታት። ሌላ አልፈልግም።»

ሐኪሙ የነገረኝን አልነገርኳትም። ሳታውቀው ቀርታ ነው?

ሐምሌ 19

የተቆረጠው ጫፍ ጠቆረ። ዝናቡ አላባራ አለ።

ነሐሴ 3

ጥቁሩ ወደ ታች እየወረደ ነው። በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ውስጡም ቡናማ። አንዱ ዘንግ ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ።

ረሂማ በአጥር አየችኝ። «ጋሼ አስናቀው፣ በዚህ ዝናብ ቆረጧት? ቁስል እኮ ነው፣ ውሃ ገባበት።»

«መጽሐፉ በክረምት ይላል።»

«የየት አገር ክረምት?»



ነሐሴ 4

መጽሐፉን ደግሜ አየሁት። «ዊንተር» ነው የሚለው። የእነሱ ዊንተር ብርድ ነው፤ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛበት ወራት። ክረምት አልኩት። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ስጽፈው ኖሬያለሁ። የለንደን ዜና ላይ ሲሆን ማንንም አይጎዳም። ይኼንን ግን ሰው መቀስ ይዞ ነው ያነበበው።

ማረሚያ ይውጣ አልኩ። ደመቀ ሳቀ። «ለአበባ? ተወው ባክህ፣ ማን አንብቦት።» ተውኩት።

ቤት ስገባ ሠርኬ ጠየቀች። «አቆጠቆጠች?»

«ትንሽ።»

ያላየሁትን አየሁ ብዬ ጽፌ አላውቅም...

መስከረም 12 ቀን 1958

ሥሯ በስብሷል። ሠርኬ ስትተኛ ነቀልኳት።

«ስንት እንቡጥ ያዘች?»

«አራት።»

ለምን አራት አልኩ?

መስከረም 30

«ዛሬ አምጣልኝ» አለች። ድምጿ ጠፍቷል።

ፒያሳ ሄድኩ፤ ለሠርግ አበባ ከሚሸጡት ዘንድ። አንድ ቀይ ጽጌረዳ አገኘሁ። አውቶቡስ ውስጥ አሸተትኳት። ምንም። እንደ ወረቀት።

ምን ላድርግ? አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። ዓይኗን ጨፈነች።

«እንዴት ደስ ትላለች ሽታዋ።»

ከዚያ እጄን ፈልጋ ያዘች። «አትዘን» አለችኝ።

አውቃለች።

ጥቅምት 8

ሠርኬ ትናንት አማኑኤል ተቀበረች።

ኅዳር 3

ሥራ ገባሁ። ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት መጡ፤ እትዬ ጤናዬ፣ ከመሳለሚያ። የሐምሌውን ጋዜጣ አጣጥፈው ይዘዋል።

«ልጄ ናት ያነበበችልኝ። እንደተባለው ቆረጥኩ። መቼ ነው የምታቆጠቁጠው?»

ደመቀ ከጠረጴዛው ቀና አለ። ምን እንድል እንደሚፈልግ ገባኝ።

«አታቆጠቁጥም» አልኳቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ ቃል ተሳስቼ ተረጎምኩ።»

«ምናልባት ዘግይታ...»

«አይ፣ እትዬ። ሞታለች።»

«እኔ እኮ እስከ ዛሬ ውሃ አጠጣታለሁ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ወንበር ሳብኩላቸው። ተቀመጡ። አልተቆጡም። ከቃሉ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ለሠርኬ ይህን ለመናገር ሁለት ወር ነበረኝ።