ከሕንድ በ09 ቁጥር

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ጠዋት የአንድ ማኅበር ዓመታዊ መጽሔት አረምኩ። ሃያ ሁለት ገጽ። “ከፍተኛ” የሚል ቃል አርባ አንድ ጊዜ ገብቷል። ሠላሳውን አወጣሁ። ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ... ከጎረቤቴ ከኦቦ ዲሪርሳ ጉድጓድ ሁለት ጀሪካን ቀዳሁ።

11 ሰዓት ከሩብ ላይ ባለቤቴ ሮማነወርቅ ደወለች። ሕንድ ከገቡ አምስተኛ ቀን። ታናሽ እህቷ የሺሃረግ ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶባት ነው የሄዱት። ሮማን አስታማሚ ናት። ምርመራው አላለቀም አለችኝ። ድምፅዋ ደህና ነው፤ ትንሽ የደከመ።

ከዘጋች በኋላ ቁጥሩን አየሁ። 09 ብሎ ይጀምራል። ሕንድ ያለ ሰው በ09 ይደውላል እንዴ?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ደወለች። ሌላ ቁጥር። ይኸም 09።

“ርካሽ መደወያ ነው” አለች። “የሺ ስልኳ ላይ ጫነችው። ሱቅ ካርድ ትገዛለች፣ ቁጥሩን ታስገባለች... በአንድ ካርድ ሳምንት ይወራል።”

“ታዲያ ለምን የእኛን አገር ቁጥር ያሳየኛል?”

“እኔ ምን አውቄ? ጋዜጠኛው አንተ ነህ።”

ሰው ሁሉ በምስል በሚነጋገርበት ጊዜ ይቺን ባለ ቁልፍ ስልኬን አልቀይርም ያልኩ እኔ ነኝ። ስለዚህ ለእኔ ብቻ በካርድ ይደወላል። ይገባኛል። ግን ቁጥሩ...

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ቡራዩ ሄጄ የሮማንን እናት ጠየቅኋቸው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው። ለእሳቸው የተነገራቸው ሁለቱም ልጆቻቸው ሐዋሳ አራስ ሊጠይቁ ሄዱ ተብሎ ነው። እኔም ተስማምቻለሁ። ክፉ ወሬ ለአሮጊት አይነገርም፣ በስልክማ ጨርሶ... ተባባልን፣ አለቀ።

“ሐዋሳ አሁን ይበርዳል?” አሉኝ።

“አይበርድም፣ እማማ።”

“ሮማን ጋቢዬን ይዛ ሄደች እኮ።”

ልጆቹ ትናንት ደውለውላቸዋል። “ቁጥሩ የዚሁ ነው። ድምፁ ግን ቆይቶ ቆይቶ ነው የሚደርሰኝ” አሉ። ለእኔም እንደዚያው ነው። ጠይቄ፣ አንድ ሁለት ቆጥሬ ነው መልስ የምሰማው። ያ ከርቀት ነው? ወይስ እያሰበች?

ኅዳር 14፣ እሑድ

አምስት ጥሪ፣ አምስት ቁጥር። መልሼ ደወልኩ። ሁለቱ ዝግ ናቸው። ሦስቱ ይጠራሉ፣ የሚያነሳ የለም።

ኦቦ ዲሪርሳ ዘንድ ሄድኩ። በስልክ ገንዘብ ለመላክ ቁጥር ሲገባ የባለቤቱ ስም ይወጣል። ከመላክ በፊት ይሰረዛል። የማያውቁት ሰው ሲደውልባቸው እንዲህ እንደሚያጣሩ አይቻቸዋለሁ።

“አንተ ጋዜጠኛ፣ ይኸን ስልክህን ለሙዚየም ስጠው” አሉ መነጽራቸውን እየፈለጉ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ወተት ይሸጣሉ፤ ስልካቸው የእጃቸውን መዳፍ ያህላል።

አራቱ ቁጥሮች ስም አልነበራቸውም። አምስተኛው፦ ወርቅቱ ጃራ።

“አንድ ብር ልላክላት?”

“ኧረ ይሰርዙት!”

ሰረዙት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። “ተወው ዳኜ። የሚስትህን ድምፅ አላወቅከውም?”

“ድምፅዋን አውቄዋለሁ። ያለችበትን ነው ያላወቅኩት።”

ወርቅቱ... ሮማን ሳናገባ ሱሉልታ ስታስተምር ቤት ያከራየቻት ሴት ወርቅቱ ትባላለች። እስከ ዛሬ ጓደኛዋ ናት። ቦሌም አልሸኘኋትም። “ጭንቅንቁ ለልብህ አይሆንም” ብላ ከግቢ በር መለሰችኝ። የልብ ሐኪሜ ከድንጋጤ እንድርቅ አስጠንቅቆኛል፤ እውነት ነው። ግን ሚስቱን አውሮፕላን ስትሳፈር ያላየ ሰው ምን ማስረጃ አለው?

ሱሉልታ ናት?

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

11 ሰዓት ከሩብ ደወለች። ጠበቅ አድርጌ ጠየቅኋት።

“እዚያ ስንት ሰዓት ነው?”

“ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ። ጨልሟል።”

ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ልክ ናት። ሳታስብ ነው የመለሰችው። ግን ይኸንን ማንም መሸምደድ ይችላል...

“የሺን አገናኚኝ።”

“የለችም፣ ካርድ ልትገዛ ወርዳለች። ሊፍቱ ስለተበላሸ ሦስት ፎቅ በእግሯ... እኔም ጋደም ልል ነው።”

“በዚህ ሰዓት?”

“ደክሞኛል፣ ዳኜ። በቃ ደክሞኛል።”

ከኋላዋ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ሱሉልታም ጥሩምባ አለ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ሱሉልታ ወጣሁ። እንጦጦን ስናልፍ ብርዱ በመስኮት ገባ። ሯጮች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ያልፋሉ፤ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ “አይዞን! ወርቅ ይዛችሁ ኑ!” ይላቸዋል። እኔ ደግሞ ሚስቴን ልይዝ እየሄድኩ ነው። በስድሳ ሁለት ዓመቴ።

ወርቅቱ ግቢዋ ውስጥ ለላሞቿ ድርቆሽ ስታወርድ አገኘኋት።

“አካም ጅርታ ጋሽ ዳኜ! ምነው በደህና?”

“ሮማን እዚህ አለች?”

ሳቀች። ሳቋን ቶሎ ዋጠችው። “እዚህ? ሕንድ ያለች ሴት?”

ቁጥሩን አሳየኋት። የእሷ አይደለም። የአባቷን ስም ጠየቅኋት።

ቶሎሳ። ጃራ አይደለም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ለጀማሪ ሪፖርተር “የአባት ስም ሳታጣራ አትጻፍ” ስል የኖርኩ ሰው፣ በአንድ የመጀመሪያ ስም ከሰበታ ሱሉልታ ድረስ...

ወርቅቱ ስልኳን አምጥታ ከፈተችው። ልጇ ላሊሴ ቤሩት ናት። የልጅቷ ጥሪዎች ሁሉ በ09፣ በየቀኑ ሌላ ቁጥር። “አንድ ቀን መልሼ ብደውል አንድ ሽማግሌ ከነቀምት ‘ቤሩት የት ነው?’ አሉኝ” አለች። ሳቅን። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሣ። ሕንድ ናት። ሚስቴ እንዳለችው ሕንድ ናት።

በር ድረስ ሸኘችኝ።

“እንዴት ናት ግን? ተሻላት?”

“የሺ? ምርመራ ላይ ናት።”

“የሺ...” አለች። ከዚያ ስለ ውርጩ አወራችኝ። ብዙ አወራች።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ዘገባ አርሜ ነበር። የውጭ ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብለው፣ በሰው ስም በወጡ ሲም ካርዶች እንደ አገር ውስጥ ጥሪ አስመስለው የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ርካሽ የሚሆነው ለዚያ ነው። ክልክል ነው። የዚያ ዘገባ ርእስ የእኔ ነበር፤ እንዴት ረሳሁት?

ዛሬ የስልክ ማጭበርበር ጥቆማ መቀበያው ላይ ደውዬ የያዝኳቸውን ቁጥሮች በሙሉ ሰጠሁ። ያችን የማላውቃትን ወርቅቱ ጃራንም ጨምሬ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ አመሰገነችኝ።

ሕግ ሕግ ነው... ወይስ ሱሉልታ ድረስ ስላሞኙኝ ተናድጄ ነው?

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

አልደወለችም።

ኅዳር 21፣ እሑድ

አልደወለችም። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ኦቦ ዲሪርሳ በር ላይ ጠበቁኝ። “ደወለች?” ምሳ ሰዓት ላይ ደገሙት። ማታም በአጥር በኩል፣ “እስካሁን አልደወለችም?”

“ምነው እንዲህ ጠየቁ?”

“ጎረቤት አይደለሁም?” ብለው ገቡ። ዓይኔን አላዩትም።

የያዙት ነገር አለ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ጠዋት ምንም ሥራ አልሠራልህ አለኝ። ይኸንን ደብተር አውጥቼ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ አነበብኩት።

ኅዳር 9፦ ድምፅዋ የደከመ። ኅዳር 12፦ የእናቷን ጋቢ ይዛ ሄደች። ኅዳር 16፦ ካርድ ልትገዛ ሦስት ፎቅ የወረደችው... የሺ። ታማሚዋ። የተጋደመችው አስታማሚዋ። ኅዳር 18፦ “ተሻላት?”

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። አንድ ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። የት እንዳለች ሳጣራ ሁለት ሳምንት። ማን እንደታመመች አንድ ጊዜ አልጠየቅኩም።

ኦቦ ዲሪርሳ ወተት ሲለኩ ደረስኩ።

“የታመመችው ማን ናት?”

ጣሳውን መሬት አስቀመጡ። “ቁጭ በል።”

“ቆሜ እሰማለሁ።”

“ቁጭ በል ነው የምልህ! ልብህ...” ተቀመጥኩ። “ሮማን ናት” አሉ። “በስልክ እንዳይነገረው አለች። ድና ስትመጣ ራሷ ልትነግርህ ነበር።”

“እርስዎ ያውቁ ነበር?”

“ሰፈሩ ያውቃል፣ ዳኜ።”

ሰፈሩ ያውቃል! ወሬ በማጣራት ጡረታ የወጣሁት ሰውዬ ብቻ...

“መቼ ነው ኦፕራሲዮኑ?”

“ዛሬ ጠዋት ገብታለች።” ስልካቸውን በእጃቸው ጨበጡት። “በዚህ ትደውልልኝ ነበር፣ በምስል። ሁለት ቀን ወዳንተ ሞክራ አልገባ አላት። ‘ሳልሰማው ልገባ ነው’ ብላ አለቀሰች።”

“ታዲያ ስልክዎን ይዘው አይመጡም!”

“ከለከለችኛ! እኔ ጋ ለምን እንደደወለች ብትጠይቅ ምን ልበልህ? የሐኪም ቤት ልብስ ለብሳ ብታይስ?”

ጥቆማውን አልነገርኳቸውም። መስመሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ? ላይሆንም ይችላል፤ እነዚህ መስመሮች ሲፈልጉ ይጠፋሉ። ግን ዓርብ ጠቆምኩ፣ ቅዳሜ ጠፋ። ይኸን ዘገባ ሌላ ሰው ቢያመጣልኝ ማስረጃው በቂ ነው ብዬ አሳልፈው ነበር።

8 ሰዓት ላይ የኦቦ ዲሪርሳ ስልክ ጮኸ። የሺ ናት፣ በምስል። እኔን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“ወጥታለች” አለች። “ተኝታለች። ደህና ናት፣ ጋሼ... ማን ነገረህ?”

“ደብተሬ” አልኳት።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

የአስታማሚ ቪዛ አስገባሁ። ፓስፖርቴ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። ደረቴን አዳምጦ “ድንጋጤው አለፈ?” አለኝ። ያለፈው ይለፍ፣ የሚመጣውን አላውቅም አልኩት። “ሂድ፣ መድኃኒትህን ሳትረሳ” አለ።

ኦቦ ዲሪርሳ ስልክ ስገዛ አብረው መጡ። ሻጩን መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት። “ለአንድ አዛውንት ነው፣ ፊደሉ ይተልቃል?” ይሉታል። በስድስት ዓመት የሚበልጡኝ እሳቸው ናቸው።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ። ቼናይ፣ ሕንድ

ከገባሁ ሦስተኛ ቀን። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ማቀዝቀዣው ያንዘፈዝፋል። ሮማን የእናቷን ጋቢ እስከ አገጯ ለብሳ ተኝታለች። ስትቀመጥ ቀኝ ክንዷን አታነሣም። ለምርመራ የተወሰደው ሥጋ ውጤት ሰኞ ይነገረናል። እስከዚያ ማንም ምንም አያውቅም። ሐኪሙም።

ዛሬ ስለ ጥቆማው ነገርኳት። ሱሉልታንም፣ ድርቆሹንም፣ የአባት ስሙንም።

“ወርቅቱ በረት ውስጥ ፈለግከኝ?”

“በረቱ ጋ አልደረስኩም።”

“መስመሩን ደግሞ አንተው ቆረጥከው?”

“ሳይሆን አይቀርም።”

ሳቀች። ወዲያው ደረቷን ያዘች። “ኧረ አታስቀኝ፣ ስፌቱን...” ዓይኗ እንባ ሞላ። ከሳቁ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኩም። እጇን ያዝኩ።

“ሁለተኛ አትደብቂኝ” አልኳት።

“አንተም ሁለተኛ አትከታተለኝ።”

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ፎቅ ወርጄ ካርድ ገዛሁ። የሺ አዲሱ ስልኬ ላይ መደወያውን ጫነችልኝ። ያንኑ ርካሹን። የሮማን እናት የሚይዙትም እንደ እኔው ዓይነት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ያንን ርእስ የሰጠሁት ሰው እኔው ነኝ... ቁጥሩን አስገባሁ። ቡራዩ ጠራ።

“አቤት?”

“እማማ፣ ዳኜ ነኝ። እንዴት ዋሉ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። የማላውቀው ቁጥር ነው። የት ነህ?”

ሮማን ከትራሷ ቀና ብላ አየችኝ። ሰኞ ሳይደርስ፣ ውጤቱ ሳይታወቅ፣ በስልክ? ለሰማንያ አራት ዓመት እናት?

“ሰበታ ነኝ፣ እማማ። ቤት።”

ቁጥሩ በ09 ነው። የሚያጋልጠኝ የለም።

“ሮማንስ?”

“ሐዋሳ ናት። ደህና ናት። ሰላም በልልኝ ብላለች።”

ድምፄ ሄዶ እስኪደርስ ቆጠርኩ። አንድ... ሁለት... ሦስት... መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

“የሺ ጋቢውን ታልብሳት” አሉ። “በል፣ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ሰበታ ስትደርስ ደውልልኝ።”