ጎረቤት ያለችው ዶ

ጥቅምት 4
የተለየ ነገር የለም። ስድስቱም ልጆች መጡ። አንዱ የግራ ጫማውን በቀኝ አድርጎ፣ አንዷ ብስኩት እያኘከች... የፒያኖው ቁልፎች ላይ የለጠፍኳቸው ባለቀለም ስቲከሮች ግን ጉድ እየሠሩ ነው። ዶ ቀይ፣ ሬ ሰማያዊ፣ ሚ ቢጫ። በሦስት ሳምንት አንድ ዘፈን ማስጨረስ ቀላል ነው? ዳይሬክተሯ በበሩ አንገቷን አስግጋ "ምን አስነክተሻቸው ነው?" አለችኝ። ምንም እንዳልተፈጠረ አስመሰልኩ እንጂ ልቤ ቅቤ ጠጥቷል።

ጥቅምት 11
ፌንጣ ዘፈኗን አንድም ሳትሳሳት ተጫወተች። ሰባት ዓመቷ ነው። ወንበር ላይ አርፋ ስለማትቀመጥ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ስትጨርስ ፈገግ እንኳ ሳትል "ሌላ አለ?" አለች። ይቺ ልጅ ትገድለኛለች።

እናቷ ነርስ ናት። የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ልትወስዳት መጣች። ፌንጣን የአጎቷ ልጅ ኪቦርድ ፊት ብታስቀምጣት እጇን አጣጥፋ ቀረች አሉ። አፍራ ይሆናል አልኳት። አላመነችኝም።

"የወላጆች ቀን አንድ ነገር እስከ መጨረሻው ካልተጫወተች፣ ቅዳሜዋን ለሒሳብ ጥናት አደርገዋለሁ።"

ፌንጣ ሰምታለች። ጫማዋን እያየች ነበር።

ጥቅምት 18
ጉድ ፈላ። ፒያኖ ቃኚው ሐሙስ መጥቶ ሥራውን ሠርቷል። እግረ መንገዱንም ቁልፎቹን በአልኮል ወልውሎ ስቲከሮቼን አንድ ሳያስቀር ልጧቸዋል። ልጆቹ ተራ በተራ ተቀመጡ፣ ተራ በተራ ተነሱ። ዶን ያገኘ የለም። ፌንጣ አጎንብሳ በቁልፎቹ መሃል የቀረ ቀለም ፈለገች።

"ቲቸር፣ ቀይዋ የት ሄደች?"

ደውዬ ቃኚውን ልሰድበው ነበር። ስልኩን አነሳሁ... መልሼ አስቀመጥኩት። እሱ ምን አጠፋ? ወር ሙሉ ቀለም ነው ያስተማርኩት እንጂ ፒያኖ አይደለም። እናትየዋ እውነቷን ነበር። አፍራ ይሆናል ያልኩት እኔ፣ ዛሬ አፈርኩ።

ጥቅምት 19
አዲስ ስቲከር ገዝቼ ልለጥፍ? የሩብ ሰዓት ሥራ ነው...

አይሆንም። ስድስት ሳምንት አለኝ፣ ይበቃኛል። የትኛው ልጅ አቅቶኝ ያውቃል?

ጥቅምት 25
የኮሪደሩ ወለል ላይ ግዙፍ ፒያኖ ሣልኩ። ነጮቹን በጠመኔ፣ ጥቁሮቹን በከሰል። ከዚያ ታሪክ ፈጠርኩላቸው። ፒያኖው ረጅም ሰፈር ነው። ጥቁሮቹ ነዋሪዎቹ ናቸው። መጀመሪያ መንትዮች፣ ቀጥሎ ሦስት እህትማማቾች፣ ደግሞ መንትዮች፣ ደግሞ እህትማማቾች... እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ዶ ከመንትዮቹ በስተግራ፣ ደጃፋቸው ላይ ትቀመጣለች። መንትዮች ባሉበት ሁሉ አንዲት ዶ አለች።

ጫማቸውን አውልቀው ዘለሉበት። የሚረግጡትን በአፋቸው እንዲዘፍኑ አደረግኩ። አርፋ ለማትቀመጥ ልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየት ይመጣል? እስካሁን ወንበር ላይ ቸንክሬ ያቆየኋት ምን ነክቶኝ ነው?

የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ መጥረጊያቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ ሳጸዳ አንቺ ስታቆሽሺ፣ ደግ አይደለም የኔ ልጅ አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ስወጣ ግን ሰው አያየኝም ብለው መንትዮቹ ላይ ዘለል ሲሉ አየኋቸው።

ኅዳር 9
ዓይናቸውን በሻርፕ አስሬ ዶን በዳሰሳ አስፈለግኳቸው። ሁለት ጥቁር፣ ወደ ግራ፣ ወረድ። ፌንጣ ሰባት ዶ አገኘች። ሻርፑን ስፈታላት ቀኝ ጥግ ያለችውን የመጨረሻዋን ቁልፍ ነካች። ደጋግማ ሰማቻት።

"ይቺም ዶ ናት። ግን መንትዮች የሏትም። ታሳዝናለች።"

ይህን ማንም አልነገራትም። በጆሮዋ ነው ያወቀችው።

ኅዳር 29
ነገ ነው። አልፈራሁም... ትንሽ።

ኅዳር 30
አዳራሹ ጢም ብሏል። የአዳራሹን ፒያኖ ጠዋት መፈተሽ ነበረብኝ፣ ወንበር ስደረድር ረሳሁት። ፌንጣ የመጀመሪያዋ ናት። ዶን ተጫነች። ድምፅ የለም። ቁልፏ ገብታ እዚያው ቀረች። እንደገና ተጫነች... የለም። እናቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ጥብቅ አድርጋ አቅፋለች። ሮጬ ልደርስላት ተነሳሁ።

ፌንጣ ወደ እኔ አልዞረችም። ጥቁሮቹን ነው ያየቻቸው። ወንበሯ ላይ ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለች፣ እጆቿን አንስታ ቀጣዮቹ መንትዮች ደጃፍ ላይ አደረገች። ሀ ብላ ጀመረች። እስከ መጨረሻው ተጫወተች።

አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል?

ሲያልቅ እናቷ መጀመሪያ ላይ ምን ሆና እንደቆመች ጠየቀቻት።

"ዶ እቤቷ አልነበረችም" አለች ፌንጣ። "ጎረቤት ሄድኩ።"

እናትየዋ ወደ እኔ መጣች። የሒሳቡን ነገር ታነሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጠመኔ የት እንደሚሸጥ ጠየቀችኝ። የሳሎናቸው ወለል ሰፊ ነው አሉ።

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ፓኮ ስቲከር ተርፎ ነበር። ለፌንጣ ሰጠኋት፣ የሒሳብ ደብተሯን ታሳምርበት።