ግንድ ሊተከልለት ነው አሉ

መስከረም 9
የሌላ ሰው ልጅ አልጋ እንጨት ስልግ ዋልኩ። አለቃዬ፣ "ለራስህ ልጅ መቼ ነው የምትሠራው?" አለኝ። "እንጨት ሲረክስ" አልኩት። ሳቀ። ምን ልበለው? ልጅ ሆኜ ለካንሰር የወሰድኩት ኬሞ ዘሬን ጠራርጎ ወሰደው ልበለው?

መስከረም 14
ከሚስቴ ጋር ሐኪም ቤት። ያኔ ከኬሞው በፊት ከዘር ፍሬዬ ቁራጭ ወስደው አቀዝቅዘው አስቀምጠውልኝ ነበር። አሁን ሊመልሱልኝ ነው... ሙከራ ስለሆነ ተስፋ አታብዙ ተባልን። ዶክተሯ "ግንደ ህዋስ እንተክልልሃለን" ስትለኝ፣ "የምን ግንድ?" አልኩ። አናጺ ነኝ፣ ምን ላድርግ? ሌላ ህዋስ የሚያበቅል ህዋስ ነው አለች። ሚስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

መስከረም 15
ለአማቴ፣ ለሚስቴ እናት፣ በስልክ ነገርናቸው። መስመሩ ይቆራረጣል። "ግንድ" የምትለዋን ብቻ ሰሙ።

መስከረም 19
አለቀልኝ። ሰፈሩ ሁሉ ግንድ ሊተከልልኝ መሆኑን ከአማቴ ሰምቷል። ባለሱቁ እግሬን እግሬን እያየ፣ "አይዞህ፣ የትኛው ነው የሚቆረጠው?" አለኝ። አለቃዬ ደግሞ የጥድ ቁራጭ መርጦ አቆይቶልኛል። "ከሐኪሞቹ እንጨት ይሄ ይሻልሃል፣ በደንብ የደረቀ ነው።" እምቢ ብል ይቀየመኛል... ተሸክሜው ገባሁ። ሚስቴ በሳቅ ሞተች።

ጥቅምት 3
ተተከለ። ስነቃ አማቴ ብርድ ልብሱን ገልጠው እግሬን ይመረምራሉ። "የት ላይ ነው ታዲያ የተከሉት?" ሚስቴ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ፊታቸውን በቦርሳቸው ሸፈኑ።

ታኅሣሥ 11
ባይበቅልስ? ሚስቴ "ያገባሁት አንተን ነው" ትላለች። የሕፃናት ልብስ ቤት ጋ ስንደርስ ግን እርምጃዋ ይፈጥናል። አያለሁ። እፈራለሁ።

የካቲት 21
የዘር ናሙና ስጥ ተባልኩ። ብልቃጥ፣ ጠባብ ክፍል፣ ስለ ንብ እርባታ የሚያወራ አንድ መጽሔት። ከበሩ ውጭ የአማቴ ድምፅ፦ "በርታ ልጄ፣ አይዞህ።" እንዴት ነው የሚበረታው?... መጽሔቱን ጨረስኩት። ከብዙ ላብ በኋላ ተሳካ።

የካቲት 23
ዶክተሯ ደወለች። "ጥቂት ናቸው። ግን አሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ።" ልጅ እስኪሆኑ ገና ብዙ ይቀራል፣ ላይሆኑም ይችላሉ አለች። ሰምቻታለሁ። ግን አሉ... የእኔ ናቸው። ሚስቴ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። አማቴ እየሮጡ ገቡ።

"ምን ሆናችሁ?"

"አሉ፣ እማዬ" አለቻቸው።

"እነማን?"

ተያየን።

"ገና አላወቅናቸውም" አልኩ።