ጨርቁ ያፈስ የነበረው በእኔ ነው

ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ቀለል አለሽ ወይ? የእግርሽ እብጠትስ ጎደለ? የራስሽን ጫማ ማድረግ ቻልሽ ወይስ አሁንም የእኔን ሰፊ ነጠላ ጫማ እየጎተትሽ ነው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ጡትሽ ላይ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስጠይቅሽ «ቀስ በል እንጂ፣ አንዱን መልሼ ልጨርስ» እንደምትይኝ አውቃለሁ። እዚሁ አጠገቤ ሳለሽ አንዱንም ጠይቄሽ ስለማላውቅ ነው ዛሬ ሁሉም ተግተልትሎ የመጣብኝ።

እኛ በሕይወት አለን። ከሄድሽ ዛሬ ሠላሳ አንድ ቀንሽ ነው። እማዬ «ከሄደች» ነው የምትለው፣ እኔም ከእሷ ለመድኩት። «ከሞተች» ብዬ በአፌ ተናግሬ አላውቅም። በጽሑፍ የሚቀል መስሎኝ ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት፣ አልቀለለም።

ልጅሽ ደህና ነው። ሲጮህ ቤቱ በሙሉ ብድግ ስለሚል «አለቃ» ብለሽ ያወጣሽለት ስም ጸንቶለታል፤ ዋናውን ስሙን የሚጠራው የክትባት ካርዱ ብቻ ነው። የዱቄት ወተቱን በጡጦ ግጥም አድርጎ ይጠጣል። አንገቱን ለማቅናት ሲታገል ወንበር ላይ ያንቀላፋ ሽማግሌ ይመስላል። ትናንት ሳቀልኝ። እማዬ ሆዱን ነፍቶት ነው ብላ አጣጣለችብኝ፣ እኔ ግን ሳቅ ነው ብያለሁ። አባቱ ከቀብርሽ በኋላ ወደ መኪናው ተመልሷል፤ በደረሰበት ከተማ ሁሉ ቆሞ ይደውላል፣ ከዚያ የልጁን ትንፋሽ ብቻ ያዳምጣል። እማዬ ደግሞ ዛሬ ዳቦ ቤት ሥራዋን ጀመረች። እሷ ጠዋት ጠዋት ሥራ፣ እኔ የከሰዓት ፈረቃ ትምህርት ቤት፤ እየተቀባበልን ልናሳድገው ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ስዞር የቆየሁት ስለማፍር ነው።

የሥራ ክፍፍላችንን ታስታውሻለሽ። አንቺ የሽንት ጨርቁን ትዘፈዝፊያለሽ፣ እማዬ ታሻለች፣ ማለቅለቅና ማስጣት የእኔ ነበር። መንገደኛ እንዳያየኝ ከፊት ገመድ ላይ አንሶላ እዘረጋና ጨርቆቹን ከአንሶላው ጀርባ እደብቃቸው ነበር። የደንብ ልብሴንም እዚያው ውሃ ውስጥ አለቀልቀው ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ፣ የሰማውን ሁሉ ስለሚያሰራጭ ሬዲዮ የምንለው፣ አፍንጫውን ወደ ትከሻዬ አስጠግቶ አሸተተና ተነሥቶ ቆመ። «ጎበዝ፣ ከመካከላችን የሽንት ጨርቁ ያልተቀየረለት ማን ነው?» አለ። አስተማሪው ሳይቀር ሳቀ።

አለቃ ሲወለድ አባቱ ያመጣልሽን ሮዝ ጠርሙስ ታውቂዋለሽ፤ ያን አበባ የተሳለበትን የልብስ ማለስለሻ፣ ለብርድ ልብሱ ብለሽ ያስቀመጥሽውን። የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ በመጨረሻው ውሃ ላይ አንድ ክዳን ጨመርኩ። በማግስቱ ሁለት ክዳን። ከዚያ በኋላ ክዳን መቁጠሩንም ተውኩት። ቤቱ አበባ አበባ ሸተተ። እማዬ አንዱን ጨርቅ አንስታ አሸተተችና «እንዲህ ነው እንጂ ማለቅለቅ! ልጄ ባለሙያ ወጥቶታል» አለች። አንቺም «አለቃችን ሙሽራ ሙሽራ ሸተተ» ብለሽ ሳቅሽ። ጠርሙሱን ከባልዲው ሥር ደብቄ ምስጋናውን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ከሦስት አራት ቀን በኋላ ማፍሰስ ጀመረ። ቀድሞ ሁለት ሰዓት ይቆይ የነበረው ጨርቅ ከታሰረ ብዙም ሳይቆይ ሽንቱ በጭኑ በኩል ይወርዳል፤ ልብሱ፣ አንሶላው፣ ፍራሹ ሁሉ ይርሳል። ያላደረግሽው ነገር አልነበረም። አጠበቅሽው፤ የላስቲክ ሱሪው ላስቲክ ጭኑ ላይ ቀይ መስመር አወጣ። አላላሽው። ሁለት ጨርቅ ደረብሽለት፤ እግሩ እንደ እንቁራሪት ተከፍቶ ቀረ። እማዬ ከወጥ ቤት ሆና «ወደ ታች አድርጊው፣ ወንድ ልጅ ወደ ላይ ነው የሚረጨው» ስትል «አድርጌዋለሁ እማዬ» ትያለሽ። «ከእምብርቱ በታች እጠፊው» ስትል «አጥፌዋለሁ» ትያለሽ። አንድ ጊዜ ደግሞ እርጥብ ጨርቁን አገላብጠሽ አየሽና «የሚገርመው እኮ ልጁ ነው የረሰረሰው፤ ጨርቁ መሃሉ ደረቅ ነው» አልሽ። ዋናውን ነገር ያየሽው አንቺ ነበርሽ። የሰማሽ ግን አልነበረም።

የዳቦ ቤቱ ሴቶች ሊጠይቁሽ የመጡ ቀን አለቃ የአንዷን ቀሚስ አረሰረሰው። ሴቲቱ ምንም አይደል እያለች ተነሣች፤ አንቺ ፊትሽ ቀልቶ መሐረብ ትፈልጊያለሽ። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ «እሷ እኮ ከመውለዱ ይልቅ ማሰሩ ነው የከበዳት» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንቺም ሳቅሽ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥተሽ ፊትሽን ታጠብሽ፣ መታጠቡ ግን ረዘመ። ባልዲ ይዤ ስመጣ «እስቲ አንተ እውነቱን ንገረኝ፣ ምኑ ላይ ነው ያልቻልኩበት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። የቀለድሽ መስሎኝ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ማለስለሻው ጨርቁን እንደሚያበላሸው ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ ይህን የምጽፈው ለማምለጥ አይደለም። ጠርሙሱን የደበቅኩትና ያሳቅኩብሽ ግን እያወቅኩ ነው።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ብርድ ብርድ አለሽ። ድካም ነው አልሽ፣ እኛም ድካም ነው አልን። ታክሲው በር ላይ ቆሞ እማዬ ስትደግፍሽ፣ ዞር ብለሽ «ጨርቁን አንቺ እሰሪለት፣ እኔ አላውቅበትም» አልሻት። ከአፍሽ የሰማሁት የመጨረሻው ነገር እሱ ነው። ሐኪሙ ከወሊድ የገባ ኢንፌክሽን ደምሽ ውስጥ እንደደረሰ ነገረን። እማዬ በቀዝቃዛ ውሃ ስለሠራሽ እንደሆነ ስትጠይቀው በፍጹም አይደለም አላት። ከበሩ ኋላ ቆሜ ስሰማ እፎይ አልኩ። አንቺ ሞተሽ እኔ እፎይ አልኩ፤ ይህንንም አፍሬበታለሁ።

ለቅሶው ላይ እማዬ ለመጣው ሰው ሁሉ «የእኔ ልጅ፣ ጨርቅ ማሰር እንኳ ሳትለምድ» እያለች አለቀሰች። ነገር ግን እማዬ ብታስረውም ያፈሳል። ያን ሁሉ ጨርቅ የሰፋችልሽ ጎረቤታችን ሰፊዋ ብታስረውም ያፈሳል። ሰፊዋ ተናደደች። «እኔ የሰፋሁት አያፈስም፤ ሸማ ነው ወይስ ወንፊት?» እያለች አንዱን ጨርቅ ከገመድ አውርዳ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ማንኪያ ውሃ አፈሰሰችበት። ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባልሎ መሬት ወረደ። «ተመልከቱልኝ! አኩርፏል እኮ፣ ውሃ አልጠጣም ብሏል። ማን ነው ያስቀየመው?» አለች። ከዚያ አሸተተችው። ማለስለሻ ጨርቁን እንደ ሰም እንደሚለብሰው፣ እንዲህ የሆነ ጨርቅ በወርቅ መርፌ ቁልፍ ቢታሰርም ሽንቱን እንደማይዝ ለእማዬ አስረዳቻት። እማዬ አይኗ እንባ ሞላና «ምስኪን፣ እንዲሸትላት ብላ ነው» አለች። አንቺ ነሽ ማለቷ ነው።

እኔ ደብተሬን ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። ረፈደብኝ ብዬ ወጣሁ።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን አንቺ ተሸከምሽልኝ፤ መልስ እንደማትሰጪ አውቄ። በሦስተኛው ቀን እማዬ ጨርቆቹን በድስት ስትቀቅል ጠርሙሱን አምጥቼ ከእግሯ ሥር አስቀመጥኩትና ነገርኳት። እሳቱን አጠፋች። ስታሳቅባት ታውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም ነበር አልኩ። ሰፊዋ ከተናገረች በኋላስ አለችኝ፤ ሁለት ቀን ዝም ብያለሁ አልኩ። «የከፉት ሁለቱ ቀናት ናቸው» አለች፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። ለሰፊዋም ራሴ ሄጄ እንድነግራት አዘዘችኝ፤ ለዳቦ ቤቱ ሴቶችም አንድ በአንድ። ይቅርታ በይኝ ስላት ደግሞ «እኔን አይደለም ያሳፈርከው። ለእሷ ጻፍላት» አለችኝ። ወረቀቱን ገዝቼ ለመጀመር ግን እስከ ዛሬ ፈራሁ።

ሰፊዋ መርፌዎቿን በከንፈሯ እንደያዘች ሰማችኝ። ስትጨርስ «በል፣ ምላስህን ያሠራኸውን ያህል እጅህንም አሠራ» ብላ አስቀመጠችኝ። ጨርቆቹን በፈላ ውሃና በትንሽ ሳሙና ሰባት ጊዜ አጠብኳቸው፤ ውሃው አረፋም ሽታም እስኪያጣ አለቀለቅኩ። ከዚያ ሁለት ሊትር ውሃ የሞላ ጠርሙስ እንደ ሕፃን አስተኝታ ማሰር አስተማረችኝ። ለወንድ ልጅ ወፍራሙን እጥፋት ወደ ፊት፤ ከእምብርቱ በታች፤ ብሽሽቱ ላይ ክፍተት ሳይኖር። ወገቡ ላይ ሁለት ጣት መግባት አለበት። የጨርቁ ጠርዝ አንዲት ጣት እንኳ ከላስቲክ ሱሪው ከወጣ ውሃው በዚያ መንገዱን ያገኛል። አንድም ሳይቀር አንቺ ታደርጊው የነበረ ነው። ላንቺ የጎደለሽ ነገር አልነበረም።

እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ ሰው ሲጠይቃት አሁን «ልጄ ባለሙያ ነበረች፣ ጥፋቱ የዚህ ነው» ብላ በአገጯ ታሳየኛለች፣ እኔም እሺ እላለሁ። ሰፊዋ ሰላም ትልሻለች፣ ያኔ አመንኩሽ ባለማለቷ ይቆጫታል። የዳቦ ቤቱ ሴቶች ሰላም ብለውሻል፤ ቀሚሷ የረሰረሰባት ሴትዮ ካንቺ በላይ እኔ አፍሬ ሳያት አቀፈችኝ። አባቱ ትናንት ሲደውል ናፍቆቱን አድርስልኝ ብሏል፤ ለማን እንደምጽፍ ነግሬው ነበር። አለቃ ሰላምታ አያውቅም፣ ግን ያንቺን ሰማያዊ ሻርፕ ካልጨበጠ አይተኛም።

ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሆንኩ። እማዬ በር ላይ ሦስት ጊዜ ተመልሳ ካየችን በኋላ ሄደች። ዝናብ ስለነበረ ገመድ ላይ ያሉት ጨርቆች አልደረቁም፤ በቤት ውስጥ የነበሩትን ሦስቱን ደግሞ አለቃ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ጨረሳቸው። ይጮሃል፣ እኔ እርጥቡን ጨርቅ በካውያ ላድርቅ ወይስ ፎጣ ልቅደድ እያልኩ እዞራለሁ። ከአልጋሽ ሥር ሻንጣሽን ስቤ ከፈትኩ። አባቱ ዘንድ ለምትሄጅበት መንገድ ያዘጋጀሽው ጥቅል፣ አሥር ጨርቅ፣ በፀጉርሽ ሪባን እንደታሰረ አለ። አስታወስኩት። ሳትወልጂ አዲስ ጨርቅ ስድስቴ ካልታጠበ ውሃ አይጠጣም እያልሽ ስታጥቢ፣ ያልተወለደ ልጅ ጨርቅ ያቆሽሻል እንዴ ብዬ የሳቅኩብሽ እነዚህ ናቸው። ማለስለሻዬ አልነካቸውም። ሁሉም ታጥፈዋል፤ ወፍራሙ ወደ ፊት፣ ለእምብርቱ የሚሆን ጎድጎድ ያለ ቦታ ሳይቀር።

ከላይ ያለውን ብቻ አነሣሁ። ጫፉ ላይ ጠብታ ውሃ ባደርግ ወዲያው ጠጣው። እጥፋቱን ሳልነካ እንዳለ አሰርኩለት፣ ሁለት ጣቴን ወገቡ ላይ አስገብቼ አየሁ፣ ጠርዙን ሁሉ ላስቲኩ ውስጥ ከተትኩ። ሰዓት እያየሁ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እጄን በጭኑ ሥር ሰደድኩ፤ ደረቅ ነው። አንሶላው ደረቅ ነው። ፍራሹ ደረቅ ነው። ስፈታው ጨርቁ ሁሉንም ይዞ ከብዶ ነበር። ያጠፍሽው እጥፋት ግን እጄ ላይ ተዘረጋ፤ እንዳይጠፋብኝ መስመሮቹን በጣቴ ሦስት ጊዜ ተከተልኳቸው፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ዘጠኙ እንዳጠፍሻቸው ናቸው።

አለቃን በአንድ ክንዴ ይዤ ወጣሁ። ከፊት ገመድ ላይ አንሶላውን አወረድኩና ጨርቁን በመንገዱ በኩል አሰጣሁት። ሬዲዮ ዳቦ ገዝቶ ሲያልፍ አየኝና ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። የእህቴን ልጅ የሽንት ጨርቅ እያሰጣሁ ነው አልኩት። እህቴ ያጠፈችው ነው፣ አላፈሰሰም አልኩት፤ አልሰማ እንደሆነ ብዬ ደገምኩለት፣ መንገዱን ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ።

ታናሽ ወንድምሽ
አልጋሽ ካለበት ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ በልጅሽ በሃምሳኛው ቀን