የላይካ መርዶ

ሰኞ

ጦጣዎቹን ትቼ ውሻዋን መረጥኩ። ሐሙስ ፎርትራግ አለብኝ፤ ክፍል ፊት ቆሜ ስለ መጀመሪያዎቹ የጠፈር እንስሳት በጀርመንኛ ማውራት። ዝንብ ሳይቀር ልከዋል! ላይካ ግን የሞስኮ የጎዳና ውሻ ነበረች። ብርድና ረሃብ ትችላለች ብለው ነው አሉ የመረጧት። አየ ሽልማት!

ከትምህርት ስመለስ አዲስ አበባ ለወንድሜ ለዳዊት ደውዬ ስለ ውሻዋ ነገርኩት። እማዬን አገናኘኝ ስለው፣ «ትንሽ አሟታል፣ ተኝታለች» አለ።

ማክሰኞ

ዛሬም ተኝታለች። እማዬ በቀን ተኝታ አታውቅም። አባዬንም «ትንሽ አሞታል» ያሉኝ ከተቀበረ በኋላ ነው።

ስለ ላይካ አነበብኩ። መመለሻ አልሠሩላትም፤ ሲልኳትም ያውቁ ነበር። በሙቀት በሰዓታት ውስጥ ሞተች። እነሱ ግን ቀናት ኖራለች እያሉ ለብዙ ዓመታት ደበቁ። ውሸታሞች! አልኩ። ከዚያ ዳዊት ትዝ አለኝ።

ረቡዕ

አክስቴ ከጄኔቭ ደወለች። ዲፕሎማት ቤት ስለምትሠራ በሥራ ቀን አትደውልም። «እሁድ ጠዋት ቤት ነሽ?» አለችኝ። ለምን ስላት፣ «እንዲሁ ነው።»

መርዶ በማለዳ እንደሚነገር ማን ያጣዋል? እህል አልወርድ አለኝ።

ሐሙስ

ሁሉንም በደንብ ተናገርኩ፣ እስከ ሞቷ። እዚያ ስደርስ አፌ እምቢ አለኝ።

«ከዚያ ትንሽ አመማት» አልኩ።

መምህሯ፣ «ሞተች እኮ፣ አይደለም?» አለችኝ።

«አዎ፣ ቀስ ብዬ ልነግራችሁ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አፍጋኒስታናዊቷ የክፍሌ ልጅ ብቻ አልሳቀችም።

ቅዳሜ

ዳዊት ስልክ አያነሳም። ቤቱን አጸዳሁ። እኔ ጋ የሚቀመጠውን የሐበሻ ማኅበራችንን ትልቅ ድስት ሳይቀር ከአልጋ ሥር አውጥቼ አጠብኩ። ለማን እንደማጸዳ አውቃለሁ፤ ለለቅሶ ደራሽ ነው። በምኖርባት ሽሊረን ውስጥ እንደኔ በፍርሃት ወለል የሚወለውል ሰው ያለ አይመስለኝም።

እሁድ

ገና ሳይነጋጋ የበሩ ደወል ጮኸ። በቀዳዳው አየሁ፤ የማኅበራችን አባል የአድሊስቪሏ እትዬ ሙሉ፣ ነጠላ ለብሰው። ከኋላቸው ባላቸው። ከእሳቸው ኋላ አክስቴ!

በሩን ከፍቼ «እማዬን!» ብዬ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ጎረቤቶች ወጡ።

«በስመ አብ! ምን ሆነሻል?» አሉ እትዬ ሙሉ። «የልጅ ልጄ ክርስትና ነው፣ ድስት አንሶን ነው የመጣነው!»

አክስቴም ለክርስትናው መጥታ ሳላስበው ልትደርስብኝ ኖሯል። ጉዴን ስትሰማ ዳዊት እስኪያነሳ ደወለችና ጮኸችበት። ስልኩ ለእማዬ ተሰጠ። ድምጿ ደክሟል፣ ግን የራሷ ድምፅ ነው። ኦፕራሲዮን ሆና ነበር፤ እንዳልደነግጥ ብለው ነው የደበቁኝ። እያለቀስኩ ሳቅሁ። እትዬ ሙሉ ድስቱን እንደታቀፉ አብረውኝ አለቀሱ።

«ዳዊት ስለዚያች ውሻ አጫወተኝ» አለች እማዬ። «ተመለሰች?»

ገና ከሕመም መነሳቷ ነው። እንዴት ልበላት?

«ትንሽ አሟታል፣ እማዬ።»



«እኔን! መቼ ሞተች?»