«አጥፋ» የምትለውን ቀይ ቁልፍ ስለሰጡን

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብስ ደህና ነው? ኮምፒውተርዎስ ሰላም ነው? እኔ ዛሬ ጠዋት ከሆነው ነገር በቀር ደህና ነኝ። የሆነውን በጥድፊያ ልንገርዎት፦ ልጄ በትምህርት ቤቷ መዝጊያ በዓል ላይ ተማሪዎቹን ወክላ ንግግር እንድታደርግ ተመርጣ ነበር፣ ንግግሩን ቤት ባለው ኮምፒውተር ጽፋ ጨርሳለች፣ እኔ መሥሪያ ቤት አትሜ አዳራሹ ድረስ ላመጣላት ነው፣ እሷ ፊቷን ስትታጠብ እስቲ ምን ብላ ይሆን ብዬ ከፍቼ አነበብኩት፣ ጨርሼ ልዘጋው ስል «አጥፋ» የምትል ቀይ ቁልፍ አየሁ፣ ተጫንኳት። ጠፋ። ወደ ፍላሽ እንኳ ገና አልገለበጥኩትም ነበር።

እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ነኝ። ስሜን ባያውቁት አይገርመኝም፤ ሠራተኛው «ዝርዝር» እያለ ነው የሚጠራኝ። እንደ ልማዴ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ለሌላውም ይጠቅማልና አንዱን ቅጂ ነገ በሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ሰሌዳው ሥር ቆሞ ለሚያነብና ነገሩን ለማያውቅ፦ ኮምፒውተር ሲጫን አብረውት የሚመጡ ፕሮግራሞች አሉ። መጻፊያ፣ ሂሳብ ማስሊያ፣ ፎቶ ማያ፣ የቆሻሻ ቅርጫት። የክቡርነትዎ ክፍል እነዚህን ከመጫኛው ሲዲ ውስጥ አንድ በአንድ ነቅሎ፣ በምትካቸው ራሱ የሠራቸውን ከትቶ፣ ላዩ ላይ «የተሻሻለ» ብሎ ጽፎ አደለን፤ ቤታችሁም ጭናችሁ ተለማመዱ ተባልን። ልጄ ያኔውኑ «አባዬ፣ የነበሩት ምን በደሉህ?» ብላኝ ነበር። «የተሻሻለ ይላል እኮ! አንቺ ከአለቆቼ ልትበልጪ ነው?» አልኳትና ጫንኩት።

1. ስለ ሂሳብ ማስሊያው። በከፈትነው ቁጥር የክፍልዎ ዓርማ እየተሽከረከረ ወጥቶ «እንኳን ደህና መጡ» እስኪለን እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቃለን። ምስጋና ይድረስዎትና በጣቴ መቁጠር መልሼ ለምጃለሁ።

2. ስለ ፎቶ ማያው። የሚከፈተው ፎቶ ሁሉ ግርጌው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ማህተም ያርፍበታል። ባለቤቴ የሠርጋችንን ፎቶ ከፍታ «እኛን የዳረን መሥሪያ ቤትህ ነው እንዴ?» አለችኝ። ቢያንስ ትዳራችን በክፍልዎ መጽደቁን አውቀናል።

3. ስለ መጻፊያው። በነባሩ መጻፊያ ጥግ ላይ አንዲት የኤክስ ምልክት ነበረች፤ ሲጫኗት ትዘጋለች፣ አለቀ። የእርስዎ ባለሙያዎች እሷን ነቅለው በቦታዋ «አጥፋ» ብለው ጻፉ። ክቡርነትዎ፣ እኔ ዕድሜዬን ሁሉ መብራቱን አጥፉ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ምድጃው ይጥፋ ስል የኖርኩ አባት ነኝ። አጥፋ ሲለኝ አጠፋሁ። ቀጥሎ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። በቤቴም በሥራዬም እንዲህ በአንቱታ የሚጠይቀኝ ስለሌለ ደስ ብሎኝ «አዎ» አልኩ።

4. ስለ ቅርጫቱ። የድሮው ቅርጫት የጣሉትን ነገር ተጸጽተው እስኪመለሱ ድረስ ያቆይልዎት ነበር። የእርስዎ ግን ጊዜ አያባክንም፤ እዚያው ያቃጥለውና በአረንጓዴ ፊደል «በተሳካ ሁኔታ ጠፍቷል» ይላል። ስልኬን ይዤ በረንዳ ወጣሁና ክፍልዎ ደወልኩ። ተረኛው ባለሙያ በትሕትና «ጌታዬ፣ እርግጠኛ ነዎት ተብለው አልተጠየቁም?» አለኝ። ተጠይቄያለሁ።

5. አምስተኛው ላይ እጄ ከበደኝ፤ ይኼ ሲዲው ውስጥ የለማ። ከበረንዳው ስመለስ ልጄ ፎጣዋን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ትፈልጋለች፣ ታጣለች፣ እንደገና ትፈልጋለች። ያን ጊዜ «እኔ ነኝ» ማለት ስችል «ሳታስቀምጪው ተነስተሻላ! ስንቴ ልንገርሽ?» አልኳት። ያውም ጮክ ብዬ። አፌ ቀደመኝ እንዳልል፣ ደውዬ ነው የመጣሁት፤ ማን እንዳጠፋው አጣርቼ ነው የመጣሁት። እሷስ ምን አለች? «ይቅርታ አባዬ፣ ያስቀመጥኩት መስሎኝ ነው። አንተ አትጨነቅ፣ በቃሌ እለዋለሁ።» እኔም እንደ ትልቅ ሰው ራሴን ነቅንቄ ይቅርታዋን ተቀበልኩ።

አዳራሹ ውስጥ ከእናቷ ጎን ተቀመጥኩ። ልጄ ወጣችና በቃሏ አለችው፤ ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። መጨረሻው አካባቢ ብቻ ቆም አለች፣ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ ወደ ምስጋናው ዘለለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እናቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አየህ፣ ምንም አልጎደለውም» አለችኝ። የጎደለውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ከእሷና ከእኔ ሌላ ያነበበው የለምና። እንዲህ ይል ነበር፦ «አባቴ ቤት ውስጥ ነገር ሲጠፋ ማን አጠፋው ብሎ የሚጮህ ሰው አይደለም፤ ተነስቶ አብሮኝ ይፈልጋል።»

ረስታው ይሁን ሆን ብላ ትታው አልጠየቅኳትም። በምን አፌ?

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ መብራት መዝጋትም ማጥፋት ነው፣ የተጻፈ መደምሰስም ማጥፋት ነው፣ ሰው መበደልም ማጥፋት ነው። ክፍልዎ ይህን ሁሉ በአንዲት ቀይ ቁልፍ ጠቅልሎ ስለሰጠን አድናቆቴ ወሰን የለውም፤ እኔም ሳላስተርፍ ሁሉንም ተጠቅሜበታለሁ። ከቻሉ በሚቀጥለው ሲዲ ላይ ለመዝጊያው «ዝጋ» ብለው ይጻፉልን፣ ነባሩንም ቅርጫት ይመልሱልን። ሰው ተጸጽቶ የሚመለስበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ክብርዎ እንደ ክፍልዎ ዓርማ ሳያቋርጥ ሲሽከረከር እንዲኖር እየተመኘሁ፣ በማስሊያዎ ተቆጥሮ በማያልቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

«ዝርዝር»
ከዕቃ ግምጃ ቤት

የተረሳ፦ ከነባሮቹ ሁሉ የካርታ ጨዋታውን ብቻ ሳትነኩ ስለተዋችሁልን ልዩ ምስጋና ይድረሳችሁ፤ በክፍላችሁ በር ላይ ያለፈ ሰው ሁሉ ለምን እንደተረፈ ይገባዋል። እርስዎም ቢሆኑ እኔን ታዝበው ይስቁ፤ ለአለቃ በአደባባይ ይህን ሁሉ የሚጽፍ ሰውዬ፣ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ለተቀመጠች ልጁ ቃል አልወጣውም። የእርስዎ ዕዳ ሲዲ መቀየር ነው፤ እሱ ይደርሳል። የእኔው ግን እስከዚህች ደቂቃ አልተከፈለም፦ ለልጄ «አጥፍቻለሁ» አላልኳትም።