አልማዝ ግቢ የቆመው መሣሪያ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ቆሰበር

ዛሬም ባሌ ገና ሳይነጋ ፀጉሩን አበጥሮ ጎረቤታችን አልማዝ ግቢ ሄደ። አየር ላይ ያለውን የተፈጥሮ ጨረር የሚለካበት የመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ የቆመው እዚያ ነው። ነፋስ ሳይነሳ መነበብ አለበት ይላል። መሣሪያ ለማንበብ ፀጉር ማበጠር ምን ይሉታል?

ሲመለስ፣ "ጨረሩ ያስፈራል እንዴ?" አልኩት።

"ኧረ ምንም አይልም፣ የትም ያለ ነው።"

"የትም ካለ እኛ ግቢ ለምን አታቆመውም?"

"የኛ ዙሪያው የድንጋይ ካብ ነው። ድንጋይ የራሱ ጨረር ስላለው ልኬቱን ያዛባል። የሷ አጥር ቀርከሃ ነው።"

 ካቡን አምና ለምኜ ያስካብኩት የአልማዝ ደጅ እንዳይታየው ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ቀርከሃ እገዛለሁ።